የአንቾቴ ጣጣ

ጎጃም ውስጥ «ድንች አጣሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። እኔ የፈረስ ቤት ከተማ ልጅ ነኝ፤ ጥርስ ያወጣሁት በድንች ነው። ትምህርት ቤት ስሄድ ኪሴ ውስጥ የነበረው ቅቅል ድንች፣ ስመለስ ቤት የሚጠብቀኝም የድንች ወጥ ነበር። መምህር ሆኜ ቡሬ ስመደብም ድንቹ ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። ስለዚህ ባለቤቴ ለሊሴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ፣ ሚያዝያ ላይ አንድ ከሰዓት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ነገር አማረኝ» ስትለኝ፣ «ይኼማ ቀላል ነው!» ብዬ ዘንቢሌን አንሥቼ ወጣሁ። ቀላል ነው ያልኩበትን አፌን እስካሁን እታዘበዋለሁ።

ድንች አመጣሁላት፤ አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ስኳር ድንች አመጣሁ፤ አለቀሰች። ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ጎደሬ አመጣሁ። በመጨረሻ ከመሬት የሚወጣ ነገር ሲያልቅብኝ ነጭ ሽንኩርት ይዤ ገባሁ። ያን ጊዜ እንኳ ማልቀሷን ትታ ዝም ብላ አየችኝ፤ ከልቅሶው ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

«አንቾቴ ነው ያማረኝ» አለች።

ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። አንቾቴ ሐረጉ እንደ ዱባ አጥር ላይ የሚንጠላጠል፣ ፍሬው ሲበስል ቀይ የሚሆን፣ የሚበላው ግን ከመሬት በታች የሚያብጠው ሥሩ የሆነ የወለጋ ተክል ነው። ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ይላጣል፣ በንጥር ቅቤ ይታሻል፤ በዚያ አገር ያለሱ መስቀል መስቀል አይባልም። ለሊሴ የነቀምት ልጅ ናት። እዚያ ስማር ተዋውቀን፣ ዓባይን አሻግሬ አመጣኋት። ቡሬ ደግሞ ከነቀምት የሚመጣው መንገድ የሚያልቅባት ከተማ ናት፤ አውቶቡሱ በየቀኑ ሰው ያራግፋል፣ ቡና ያራግፋል፤ አንቾቴ ግን አንድ ቀን አራግፎ አያውቅም። ሚያዝያ ላይ ደግሞ እዚያው ወለጋም ቢሆን ገና አልተዘራም።

አማቴ ይህን ስትሰማ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ በጨርቅ የተቋጠረ ዘር ላከች። በስልክ ደግሞ መመሪያውን ሰጠች፤ «ዝናቡ ሲጀምር ዝሩት። ልጁ ከመውጣቱ በፊት እሱ ይወጣል። ካልወጣ ግን ልጄ ለመውለድ ወደኔ ትምጣ፤ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው።»

ልማዱ የእኛም አገር ነውና ምን ብዬ ልከራከር? ግን አስቡት፤ ሚስቴ ዓባይን ተሻግራ ስትወልድ እኔ ቡሬ ቁጭ ብዬ ስልክ ልጠብቅ ነው። በስልክ አባት የሆነ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ደግሞ ኔትወርኩ ቢጠፋስ? ልጄ ሲወለድ ደጁ ላይ ቆሜ እልልታውን በገዛ ጆሮዬ መስማት ነበር የፈለግኩት።

ለሊሴ ጭንቀቴን አይታ ውርርድ አመጣች። «ለመስቀል ከጓሯችን የወጣ አንቾቴ ከበላሁ እዚሁ እወልዳለሁ፤ እናቴ ትመጣለች። ካልበላሁ ግን የመስቀል ማግስት በአውቶቡስ እሄዳለሁ።»

«በቃ! ተስማምቻለሁ።»

«ግን ለኔ አምሮት መሆኑን ለማንም አትናገርም። ማል።»

«ለምን?»

«‹የአገራችን እህል አልበቃት ብሎ ሥር አማራት› ይሉኛላ። ገና ከሰፈሩ ሰው ጋር መላመዴ ነው።»

ይህንን ስትል ድምጿ ትንሽ ስለተሰበረ፣ ሳላስብ «ማርያምን፣ አልናገርም» ብዬ ማልኩ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች መሐላ ነው።

አከራያችን እማማ ጥሩዬ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ ከማድቤት ጀርባ አጥር ሥር ያለችውን ቁራሽ መሬት ፈቀዱልኝ። ግንቦት ላይ ዘራሁ። ከዘሩ እኩሌታውን የእማማ ጥሩዬ ዶሮዎች ቀለቡት። የቀረው በቀለ፤ ሐረጉም አጥሩን ይዞ ወጣ። እኔም የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ጧት ጧት ወገቤን ይዤ አጠገቡ እየቆምኩ ስለ ዝናብና ስለ አፈር ለራሴ አስተምር ጀመር።

እማማ ጥሩዬ ሐረጉን ሲያዩ ዱባ መስሏቸው ነበር። ሰኔ ሲጋመስ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንተ ልጅ፣ ይኸ ዱባህ መቼ ነው የሚያፈራው?»

«ዱባ አይደለም እማማ። የሚፈለገው ሥሩ ነው።»

«ሥሩ?»

«አዎ፣ ሥሩ። እዚያ አገር እንዲያውም ለተሰበረ አጥንት ፍቱን ነው ይላሉ።»

ይህቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማን ከአፌ እንዳወጣት አላውቅም። መምህር ሲባል ካልጨመረ አያርፍም። እማማ ጥሩዬ አንድ ጊዜ አማተቡ፣ ግራ ቀኝ አዩ፣ ቀጥለው መዳፋቸውን አፌ ላይ ከደኑብኝ።

«በቃ! በቃ! ስሙን እንዳትጠራው! መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል። እኔ አልሰማሁም፣ አንተም አልነገርከኝም።»

«ኧረ መድኃኒት አይደለም፣ የሚበላ ነገር ነው!»

«እንዲያ ነው እንጂ» አሉ ዓይናቸውን ጠቀስ አድርገው። «አዋቂ እንዲያ ነው የሚል።»

እንግዲህ በእኛ አገር «ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ» የሚባል ሰው አለ፤ ይከበራል፣ ይፈራል፣ ከኋላው ይታማል። የዚህ ሰው ዋናው ምልክቱ መካዱ ነው። «መድኃኒት አውቃለሁ» ብሎ በአደባባይ የሚናገር ሰው ወሬኛ ነው፤ እውነተኛው አዋቂ «እኔ ምኑንም አላውቅ» ይላል። አያችሁ የገባሁበትን ጉድጓድ? በካድኩ ቁጥር አዋቂነቴ ይመሰከራል። ባምን ደግሞ አመነ ይባላል።

እማማ ጥሩዬ ምስጢር ጠባቂ ናቸው፤ ለአንድ ሰው ሲነግሩ «ለማንም እንዳትነግር» ሳይሉ አይነግሩም። እንደዚህ እያሉ እስከ እሑድ ድረስ ሰፈሩን አዳረሱት። የመጀመሪያውን ለውጥ ያየሁት በሰላምታ ነው። ትናንት «አንተ» ይሉኝ የነበሩ ሽማግሌዎች «እንዴት አደሩ?» ይሉኝ ጀመር። እማማ ጥሩዬ ራሳቸው «አንተ ልጅ» ማለት ትተው «እርስዎ» አሉኝ። ክፍል ውስጥ ስገባ ዝንብ ሲያልፍ ይሰማል፤ ያ ከኋላ ሆኖ የሚያንጫጫኝ ልጅ እንኳ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። ይህቺኛዋን፣ አልዋሻችሁም፣ ወደድኳት። «ምግብ ነው» የሚለውን ማስተባበያዬን ተማሪዎቹ ዘንድ ስደርስ ዋጥ አደርገው ነበር።

ቀጥሎ ሰዉ መምጣት ጀመረ። የጎጃም ሰው የመጣበትን ጉዳይ በደጅ አይናገርም። አንድ ገበሬ በቅሎ እየሳበ መጣና ስለ ዝናቡ አወራኝ፣ ስለ ማዳበሪያው አወራኝ፣ ፈረስ ቤት ያሉ ዘመዶቼን ደኅንነት ጠየቀኝ። ሊሄድ ሲል በቅሎዋ እንደምታነክስ በድንገት ትዝ አለው።

«ወንድሜ፣ እኔ የበቅሎ ነገር አላውቅም። የተከልኩት የሚበላ ሥር ነው» አልኩት።

«ገብቶኛል፣ መምህር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አይናገሩ። እኔም አልጠየቅሁም።» አንድ ድፍን የማር እንጀራ ደጄ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ከፍኖተ ሰላም ድረስ በሚኒባስ ተሳፍራ የመጣች ሴትዮ ነበረች፤ የልጇ ክንድ ወልቆ ከተመለሰ በኋላ አልሽር ብሏት ነው። ሆስፒታሉ አጠገቧ እያለ እኔ ዘንድ ለምን እንደመጣች ስጠይቃት፣ «እዚያማ ሁሉም ይሄዳል» አለችኝ። ምን ትሏታላችሁ?

ጭራሽ ነገሩ ትምህርት ቤታችን ገባ። ያን ጊዜ ሁላችንም አንድ ለአምስት የተደራጀን ነን፤ ሻይ ለመጠጣት እንኳ በአደረጃጀት ነበር የምንሄደው ብል ብዙም አላጋነንኩ። የእኛ አምስት መሪ የሒሳብ መምህሩ ነው። በግምገማው ቀን ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳና «ባልደረባችን በማስተማር በኩል ደኅና ነው። ነገር ግን ያለውን ዕውቀት ደብቆ የመያዝ ነገር ይታይበታል። ይህ የኪራይ ሰብሳቢነት አዝማሚያ ነው» አለ።

«ምን ደበቅሁ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

ሒሴን ዋጥኩ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሒስ ሲዋጥ ከጥሬ ነጭ ሽንኩርት እንደማይሻል ገብቶኛል። ልምድ አካፍል ተባልኩና ተነሥቼ በግልጽ አስረዳሁ፤ ይዘራል፣ ይኮተኮታል፣ ይቆፈራል፣ ይቀቀላል፣ ይላጣል፣ በቅቤ ይታሻል፣ ይበላል። ሁሉም በጥሞና አዳመጡኝ። ስጨርስ እርስ በርስ ተያዩና ፈገግ አሉ። ስንወጣ መሪያችን ወደ ጎን ሳብ አደረገኝና በጆሮዬ «ቅቤው ማታለያ ነው አይደል?» አለኝ፤ በቮሊቦል የተጎዳ ትከሻውን እያሸ።

አሁን ወደ አያ ካሳ ልምጣ። አያ ካሳ የሰፈሩ ወጌሻ ናቸው። ቡሬ ዙሪያ ወልቆ በእሳቸው እጅ ያልተመለሰ ትከሻ፣ ተሰብሮ በእሳቸው ቀርከሃ ያልታሰረ እግር ጥቂት ነው። የእሳቸው ደንበኛ ወደ እኔ አጥር ሲመላለስ ምን እንደተሰማቸው ለመገመት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። አንድ ቀን ጋቢያቸውን ደርበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና እደጅ ተቀመጡ።

«መምህር፣ እንዴት ከረሙ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ ካሳ። እርስዎስ?»

«እኔማ አለሁ። አንድ ደብር ላይ ሁለት አለቃ ሲሾም ግን፣ የሚቸገረው ማን ይመስልዎታል?»

«ማን ነው?»

«ቄሰ ገበዙ። ቁልፉን ለማን እንደሚሰጥ ይቸግረዋላ።»

ወደ አጥሩ እያዩ ነበር። «አያ ካሳ፣ እኔ አለቃም ዲያቆንም አይደለሁም። የሚበላ ነገር ነው የተከልኩት» አልኳቸው።

«መልካም። ለማን የሚበላ?»

አሁን በመሐላዬ ታሰርኩ። ለሊሴ በሩ ጥግ ቆማ ትሰማለች። አያ ካሳ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና «አየህ» አሉ፤ ከንዴታቸው ብዛት አንቱታውን ረስተውት።

በዚህ መካከል ሐረጎቹ አንድ ባንድ ይጠወልጉ ጀመር። ዛሬ ይኸኛው፣ ሳምንት ያኛው። የማውቀውን የግብርና ባለሙያ ለምኜ አሳየሁት፤ ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ዩሪያ ያንሰዋል» አለ። ዩሪያ ሰጠሁት፤ ባሰበት። ለሊሴ በመስኮት እያየች ስለ ነቀምት አውቶቡስ መነሻ ሰዓት ታወራልኝ ጀመር፤ እንዲሁ ለጨዋታ ነው ትላለች።

ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት። ጧት ሰዉ በዝናቡ ሊጠመቅ እየወጣ ነው። እኔም ሸሚዜን አውልቄ ደጅ ስቆም ከማድቤት ጀርባ «ዷ!» የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎ «ኧረ በሩፋኤል!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ አያ ካሳ ከአጥሩ ወዲህ በጭቃው ላይ ተዘርግተዋል። አጥሩ ላይ ወጥተው ወደ ውስጥ ሲያዩ አንሸራቷቸው ነው። አንድ እግራቸው ታጥፏል፣ ቀኝ እጃቸው በቡጢ ተጨብጧል። ደግፌ ሳነሣቸው፣ ቤት አስገብቼ ሳስቀምጣቸው፣ ለሊሴ ውኃ ስታቀብላቸው እንኳ ያ ቡጢ አልተፈታም። ሕመሙ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ባጃጅ ልጥራና ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንሂድ፤ ራጅ ይነሡ» አልኳቸው።

«ካሳ ራጅ ተነሣ? ዕድሜ ልኬን የሰው አጥንት ገጥሜ፣ የኔን ፈረንጅ መኪና ሊያየው? ከዚያ በኋላ ማን እግሩን ይሰጠኛል?»

«ታዲያ ራስዎ ያሹታ።»

«ወጌሻ የራሱን አያሽም፤ አያስችልም።» ያ ኩሩ ሽማግሌ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «መምህር፣ ከዚያች ሥርዎ ይስጡኝ» አሉ።

«አያ ካሳ፣ ገና አልደረሰም። ደግሞም...»

«በማርያም ለምኜዎታለሁ።»

አለቀ። በማርያም የተለመነ ሰው ምን ይመልሳል? ለሊሴን አየኋት። ፊቷ ትንሽ ገረጣ፣ ግን ራሷን ነቅንቃ «ስጣቸው» አለችኝ። ዶማዬን ይዤ ወጣሁ። ከብዙ አንዱን ብሰጥ ምን እጎዳለሁ እያልኩ ከጫፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ሐረግ ሥር ቆፈርኩ፤ ባዶ። ሁለተኛውን ቆፈርኩ፤ ባዶ። ሐረጉ ተቆርጦ፣ አፈሩ ተመልሶ፣ እንዳይታወቅ ተረግጦበታል። ለካ የጠወለጉት ዩሪያ አንሷቸው አልነበረም! ሰፈሩ እየተፈራረቀ ከሥር ቆፍሮ ወስዶታል። እኔ ላዩን ስኮተኩት፣ ታቹ ባዶ ከሆነ ከርሟል። በመጨረሻው ሐረግ ሥር ብቻ አንዲት የቡጢ ታናሽ የምታህል አንቾቴ ተገኘች።

አያ ካሳ የመድኃኒት ሥርዓት ያውቃሉና «አይቆረስም፤ ሌላ ሰው ከቀመሰው ኃይሉ ይሄዳል» አሉ። ስለዚህ ለሊሴ ቀቀለችው፣ ላጠችው፣ በቅቤ አሸችው፣ ጨውን እንኳ ሳትቀምስ በግምት አደረገችና አቀረበችላቸው። ሽታው ቤቱን ሞላው። እሷ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ እጆቿን ሆዷ ላይ አጣመረች።

አያ ካሳ መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ መድኃኒት ዋጡ። ቀጥለው ዓይናቸውን ገለጡ። ቀጥለው ማላመጥ ጀመሩ። «ይኸ መድኃኒትስ...» አሉና ጎረሱ፣ «ምነው እንዲህ...» አሉና ደገሙ። ሳህኑ ሊያልቅ ሲል ቀና ቢሉ የለሊሴን ዓይን አዩት። ዓይኗ ከሳህኑ ወደ አፋቸው፣ ከአፋቸው ወደ ሳህኑ ከእጃቸው ጋር ይመላለሳል። ምራቋን ዋጠች። የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቆመ።

«ልጄ... አምሮሽ ነው?»

የለሊሴ እንባ ጉንጯ ላይ ወረደ።

«አምሮቷ ነው?» አሉ ወደኔ ዞረው። «የተከልከው ለነፍሰ ጡር አምሮት ነው? አንተ! እንዴት አትናገርም?»

«አስምላኝ ነው።»

«በስመ አብ! የነፍሰ ጡር አምሮት በላሁ! በዚህ ዕድሜዬ!» ብለው እግራቸውን ረስተው ሊነሡ ሲሉ ሕመሙ መልሶ ቁጭ አደረጋቸው። ሳህኑ ላይ የቀረችውን አንዲት ጉርሻ በግራ እጃቸው አንሥተው፣ «ጉረሺ፣ እናቴ። ይቅር በይኝ። ጉረሺ» አሉ። ለሊሴም ጎረሰች። ከቡሬ ሰው እጅ የበላችው የመጀመሪያ ጉርሻ መሰለኝ፤ እያለቀሰች ሳቀች። እኔም ወደ ውጭ ወጥቼ አፍንጫዬን ጠረግሁ።

በማግስቱ አያ ካሳን ለሊሴ ራሷ ለምና ፍኖተ ሰላም ወሰድናቸው። ወሬው እንዳይወጣባቸው ጥቁር ጋቢ አልብሰን ነው፤ ሰፈሩ ለቅሶ የሚሄዱ መስሎት «እግዜር ያጥናዎት» እያለ ሸኘን። ራጁ ሲታይ አጥንታቸው ደኅና ነው፤ ጅማት ብቻ ዞሯል። «አላልኩም? በአንድ ሌሊት ገጠመው!» አሉ አያ ካሳ። ልከራከር አልሞከርኩም።

ውርርዱስ? «ቅምሻና መብላት አንድ አይደለም» አለች ለሊሴ። ሻንጣዋ አልጋው አጠገብ ተዘጋጅቷል። እኔም መሸነፌን አምኜ የስልኬን ባትሪ ልገዛ አሰብኩ።

ግን አያ ካሳ እቤታቸው ተኝተው ሥራ ጀምረው ኖሯል። የታመመ ሊጠይቅ የማይመጣ የለምና፣ ለመጣው ሁሉ ማንንም ሳይወቅሱ እንዲህ ይላሉ፤ «ሰማችሁ? እዚህ ሰፈር የነፍሰ ጡር አምሮት ከአጥር ሥር ቆፍሮ የወሰደ ሰው አለ አሉ። እኔ አላምንም። የእኛ ሰፈር ሰው እንዲህ አያደርግም። ብቻ አምሮቷን ካልበላች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል። ምልክቱ ደግሞ የሰረቀውን ሰው እጅ ይመስላል።»

የመጨረሻዋን እሳቸው ናቸው የጨመሯት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ግን ሠራች። ከእንቁጣጣሽ ማግስት ጀምሮ አጥሬ ላይ አንቾቴ ይንጠለጠል ጀመር። አንዱ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ በክር ታስሮ፣ አንዱ በጠመኔ ካርቶን ውስጥ ገብቶ (መሪያችን ትከሻውን እያሸ ሲያልፍ አይቼዋለሁ)፣ አንዱ ደግሞ ተነክሶ። ባለ በቅሎው ገበሬ የእሱን በአካል አመጣና «በቅሎዋ አልበላም አለች» ብሎ አስረከበኝ። እማማ ጥሩዬ ሁለት ይዘው መጡ፤ «ዶሮዬ ጭራ አወጣችው፣ አንተ ልጅ» አሉኝ፤ ከራሳቸው መቀነት ጫፍ እየፈቱ። «አንተ» በመባሌ ደስ አለኝ። ሁሉም ከላይ በኩል ጫፋቸው ተቆርጧል። አይጥ ይሆናል አልኩ።

ለመስቀል ለሊሴ የተመለሰውን ሁሉ ሰብስባ ቀቀለችው። የተጨማደደ ነው፣ የክር ምልክት ያለበት ነው፤ አንዱማ ዕጣን ዕጣን ይላል። እንደ ጉድ በላችው። ጠግባ ስታበቃ የሰረቁንን ሰዎች ስም አንድ ባንድ እየጠራሁ ስነግራት ሳቋ ሆዷን እያንቀጠቀጠው እዚያው ልትወልድብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ሻንጣዋን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችው።

«እሺ፣ እዚሁ እወልዳለሁ» አለች። «እንደነዚህ ያሉ ሌቦች ትቼ የት እሄዳለሁ?»

ጥቅምት ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ደጁ ላይ ቆሜ እልልታውን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። አማቴ ከነቀምት ጆንያ ሙሉ አንቾቴ በአውቶቡስ ጣራ ጭና መጣች። አራስ ጠያቂው ግን አንቾቴውን ሳይሆን ልጅቷን ነበር የሚያየው። እያንዳንዱ ሰው ጎንበስ ይላል፣ ጨርቁን ገለጥ ያደርጋል፣ እጇን ያያል፣ ጀርባዋን ያገላብጣል፣ ከዚያ በረጅሙ ተንፍሶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ይላል። አማቴ «ይኸ አገር ሕፃን እንዴት ይወዳል!» እያለች ተገረመች።

በተከታዩ ክረምት ልጄን ታቅፌ ሰፈሩን ስዞር ያየሁትን ልንገራችሁና ላብቃ። በመሪያችን አጥር ላይ አንድ የማውቀው ሐረግ ወጥቷል። በእማማ ጥሩዬ ጎመን ማሳ ዳር ሌላ። ለካ ያን የሥር ጫፍ የቆረጠው አይጥ አልነበረም፤ ሥሩን ሲመልሱ የላይ ጫፉን እያስቀሩ ተክለውታል። ከሁሉም የበለጠው ግን አጥር አልፎ ጣራ ላይ የወጣው የአያ ካሳ ነው። እሳቸው ሥር አልወሰዱም ብዬ ግራ ስጋባ፣ ያ የሩፋኤል ዕለት ያልተፈታ ቡጢ ትዝ አለኝ። ለካ ሲወድቁ አንዷን ቀይ ፍሬ ጨብጠው ነው የወደቁት።

«አያ ካሳ፣ ይኸ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

ግራ ቀኝ አዩ። ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ዱባ ነው።»

«እግዚአብሔር ዱባዎን ይባርክልዎ» ብዬ ልሄድ ስል ልጄ እጇን ወደ ሐረጉ ዘረጋች፤ «እእ!» አለች፣ አልንቀሳቀስም ብላ። አያ ካሳ ከመቀመጫቸው ተስፈነጠሩ።

«አማራት! ኧረ አማራት!» እያሉ ምርኩዛቸውን ጥለው ወደ አጥሩ ሮጡ። ያ እግር እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።